አማትሽን ሳትጠይቂ ክፍል አትያዢ

«ሰላምሽ ይብዛ። የምጽፍልሽ ከአዘዞ ነው። ጥምቀት አልፎ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲወጡ ለአራት ቀን ባሕር ዳር ልንሄድ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (11፣ 7 እና 2 ዓመት) እና አማቴ ነን። አማቴ ከ70 አልፈዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ‹ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም አትውሰደኝ› ማለት ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ትልቁ ልጄ ጣና ውስጥ ካልዋኘሁ ይላል። የባለቤቴ እህት እዚያ ስላለች እሱ እሷ ቤት እንረፍ ባይ ነው። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ እነሱም አራት ናቸው። ጓደኛዬ ደግሞ ጎርጎራ በራችሁ ላይ እያለ ምን ባሕር ዳር ወሰዳችሁ ትለኛለች። እኔ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ነው ልቤ የሚለው። ግን ወጪውም አለ፣ ቅር የሚለውም በዛ። የት እንረፍ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የባለቤትሽ ሐሳብ አለ። የጓደኛሽም፣ የልጅሽም፣ ያንቺም አለ። አማትሽ ግን የት መሳለም እንደሚፈልጉ እንጂ የት ማደር እንደሚፈልጉ አልጻፍሽልኝም። አልተጠየቁ ይሆናል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

መልሴን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ባሕር ዳር እደሩ። ሐይቁ ዳር ይሁን። ክፍሉ ግራውንድ ላይ ይሁን። ሦስቱንም ሌሊት አንድ ቦታ እደሩ።

ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ልነሳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴንና ልጆቼን ይዤ እዚያው ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ማረፊያውን የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። ፎቶው ላይ ሣሩ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ሐይቁ አለ። ስንደርስ የተሰጠን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እናቴ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየመታጠፊያው እየቆመች፣ አንድ ጊዜ ወጣች። ከዚያ በኋላ መውረድ ፈራች። እኛ ልጆቹን ይዘን ስንወጣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው በላይ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለች። ጣና ለእናቴ ያ ነበር። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ግቢው ውስጥ ሰርግ ነበር። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አልቆመም። አንድም ቀን አላማረረችም። ጎንደር ተመልሰን ጎረቤቶቿ «ጣና እንዴት ነበር?» ሲሏት «ደረጃው በዛ» አለቻቸው። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ ማረፊያ ስመርጥ የማስበው ስለሚዞሩት ሳይሆን ግቢ ስለሚቀሩት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰውና የሁለት ዓመት ሕፃን ባሉበት ጉዞ የቀኑ እኩሌታ የሚያልፈው ግቢ ውስጥ ነው። ሕፃኑ ቀን ይተኛል። እማማ ፀሐይ ሲበረታ ይደክማሉ። ማረፊያችሁ ከተማው መሀል፣ መንገድ ዳር ከሆነ ሁለቱ ያዩት ግድግዳ ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ከሆነ ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ታንኳው ሲያልፍ፣ ወፉ ሲወርድ ያያሉ። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ማደርን እንደ ቅንጦት አትቁጠሪው። ገንዘቡን የምትከፍይው መሄድ ለማይችሉት ነው። ባለቤትሽ ወጪውን ሲያነሳ ይህንኑ ንገሪው። እናቱ ናቸውና ይገባዋል።

ሐይቅ ዳር ስል ደግሞ ውዱን ሪዞርት ማለቴ አይደለም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቁ፣ ግቢያቸው ሐይቁን የሚነካ፣ ቆየት ያሉ ሆቴሎች አሉ። ክፍላቸው አዲስ አይደለም። ግን ብዙዎቹ ዝቅ ያሉ ቤቶች ናቸው፣ ዛፋቸው ትልልቅ ነው። ለጊዮርጊስ መቅረቡ ለእማማ ትልቅ ነገር ነው። እሳቸው የሚነሱት ለኪዳን ነው። እናንተ ተኝታችሁ እያለ ከትልቁ ልጅ ጋር ሄደው ተሳልመው ለቁርስ ይመለሳሉ።

ክፍል ስትፈልጊ ፎቶ አትመኚ። ደውለሽ «በቴሌግራም ቪዲዮ ላኩልኝ» በያቸው። ከግቢው በር ተነስተው፣ በእግራቸው እየሄዱ፣ ክፍሉ ውስጥ ገብተው፣ መታጠቢያ ቤቱን አሳይተው እንዲጨርሱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። እምቢ ካሉ ሌላ ፈልጊ። በቪዲዮው ላይ ደረጃውን ቁጠሪ። ግራውንድ የሚሉት ራሱ አምስት ስድስት ደረጃ ሊኖረው ይችላል። ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ መሆኑንና መቀመጫ ያለው መሆኑን እዪ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌሊት ቁጢጥ ብሎ መነሳት አይሆንለትም፤ ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አይነግርሽም። ለትንሹ ልጅ ደግሞ ከክፍሉ በር እስከ ውኃው ድረስ አጥር መኖሩን ተመልከቺ። በረንዳ ካለው በብረቶቹ መሀል የልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር፣ ውኃ ሲጠፋ ታንከር እንዳላቸውም ጠይቂ።

ከሁሉ በላይ ግን «በዚያ ሳምንት ሰርግ አላችሁ ወይ?» በያቸው። ጥር የሰርግ ወር ነው። ለሰርግ የሚመረጠው ደግሞ ያው ሐይቅ ዳር ያለው ግቢ ነው። እኔ ብሆን ቅዳሜን ዘልዬ እሁድ ከሰዓት እገባና ረቡዕ እወጣለሁ። ክፍልም ይገኛል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይመቻል። ቀብድ ከጠየቁሽ የአንድ ሌሊቱን ብቻ በቴሌብር ላኪ። የቀረውን ክፍሉን አይተሽ ክፈዪ። ለስድስት ሰው በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎችና አንድ ተጨማሪ ፍራሽ ይበቃችኋል።

ቀኑን ስትቆርጪ ጾመ ነነዌ መቼ እንደምትውል እዪ። ከጥር አጋማሽ ወዲያ ከዓመት ዓመት ትለዋወጣለች። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው የምትጾመው። ከናንተ ሦስት ቀን ጋር ከገጠመች እማማ በአሳ ጥብስ ሽታ መሀል ውለው ማታ የሚቀምሱት እንዳያጡ። ወይ ሳምንቱን ቀይሪ፣ ወይ የጾም ምግብ አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ እህት ልምጣ። ከሁሉም የከበደሽ እሱ መሰለኝ።

እነሱ አራት፣ እናንተ ስድስት። ሁለት ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ማለት ነው። ልጅቱ ደስ ብሏት ትቀበላችኋለች፤ አልጠራጠርም። አልጋዋን ለእናቷ ትለቃለች፣ እሷ መሬት አንጥፋ ታድራለች። ሌሊት ትጋግራለች፣ ጠዋት ወጥ ትሠራለች፣ ከሰዓት ቡና ታፈላለች። አራቱን ቀን ጓዳ ናት። እናንተ ሐይቅ ስታዩ እሷ ድስት ስታይ ትከርማለች። እናቷ ዓመት ቆይተው መጥተው አጠገባቸው እንኳን ሳትቀመጥ ትመለሳላችሁ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ቅሬታ የሚመጣው።

ግን ሆቴል ይዛችሁ በኋላ ብትነግሯት ደግሞ ነገሩ ይበላሻል። «ቤቴን ናቁት» ትላለች፤ እውነትም አላት። ስለዚህ ክፍሉ ሳይያዝ ይደወልላት። የሚደውለው ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ያንቺ ድምፅ ከሆነ ምራቲቱ ናት ያስቀረችው ይባላል። እሱ እንዲህ ይበላት፤ «እማዬ ደረጃ ስለማትችል ግራውንድ ላይ ክፍል ልንይዝላት ነው። ሰኞ ምሳ አንቺ ጋ ነን፣ ቡናም እዚያው ነው። ማክሰኞ ደግሞ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ እኛ ጋ ትውያለሽ፣ ድስት አትጥጂ።» ማክሰኞ ስትመጣ ልጆቿ ከልጆችሽ ጋር ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ እሷም እናቷ አጠገብ ቁጭ ትላለች። ሰኞ ስትሄጂ እጅሽን ባዶ አትሂጂ። ቅቤ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከቤትሽ የምታውቂውን ያዢ።

እማማን መጠየቅ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ምናልባት ሐይቁንም ሆቴሉንም ትተው ከሴት ልጃቸው ጋር ማደር ይፈልጉ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የክፍሉ ብዛትም፣ ወጪውም፣ ሁሉም ይለወጣል። አንድ ክፍል ቀንሰሽ እሳቸውን ማታ ማታ በባጃጅ ታደርሻቸዋለሽ። ግን በሰው ፊት አትጠይቂያቸው። ባለቤትሽ ባለበት «እንደፈቀዳችሁ» ብለው ይዘጉታል። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ቡና ላይ፣ ሁለቱን አማራጭ አስቀምጪላቸው። «ከልጅዎ ጋር ማደር ይሻልዎታል ወይስ ከልጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር?» በያቸው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱም ቀስ ብለሽ ጠይቂ። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ይነግሩሻል።

ጓደኛሽ ስለ ጎርጎራ ያለችው እውነት ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። አዘዞ ላይ ታጥፎ በቆላ ድባ በኩል ነው የሚኬደው፤ ስለዚህ ለናንተ እውነትም በር ላይ ነው። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ። በጥንታዊ ሥዕሎቿ የምትታወቀው ደብረ ሲና ማርያም አለች። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተሙበት አገር ነው። እኔም ጎርጎራን እወዳታለሁ። ጸጥታዋ ባሕር ዳር ላይ አይገኝም። ነገር ግን ጎርጎራ የጣና ሰሜን ዳር ናት፣ ኡራ ደግሞ ያለችው ደቡብ ጫፍ አጠገብ፣ ዘጌ ላይ ነው። ሐይቁ ከጫፍ ጫፍ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎርጎራ አድሮ ጠዋት ኡራን ተሳልሞ መመለስ አይታሰብም። ሁለቱንም በአራት ቀን እናድርስ ብትሉ ደግሞ ዕረፍቱ ዕቃ መጫንና ማውረድ ይሆናል። ጎርጎራን ለአንድ ቅዳሜና እሁድ አቆዩአት። ያን ጊዜ አማትሽን ባትወስጂ እንኳን ቅር አይላቸውም። ዘንድሮ ግን ስለታቸው ይቅደም።

ኡራን ሰኞ አድርጉት ብዬ ነበር የማስበው፣ ሰኞን ግን ለባለቤትሽ እህት ሰጠናት። እንግዲያው ጠዋት ኡራ፣ ምሳ እሷ ቤት። ይበቃል። ጀልባው ከባሕር ዳር ኡራ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ይናወጣል። ጀልባ ተሳፍረው ለማያውቁ እናት ያ ማዕበል ያስፈራል። ከጀልባው ወርዳችሁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ በእግር ነው። መንገዱ ድንጋይ አለው። ምርኩዛቸውን ይያዙ፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይደግፍ፣ እናንተም አትጣደፉ። የጥር ጠዋት ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያድርጉላቸው። ውስጥ መጋረጃው ሲገለጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የሰባት ዓመቱን ልጅ ለሥዕሎቹ አቁሚው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ፈልጎ ያግኝ።

ባለ ጀልባው «ክብራን ገብርኤልንም እንጨምርላችሁ» ካላችሁ እንቢ በሉ። ክብራን ሴት አይገባም። ወንዶቹ ሲገቡ አንቺና አማትሽ ሕፃን ይዛችሁ ፀሐይ ላይ ትቆያላችሁ። የዕለቱ ጉልበታቸው ለኡራ ካልደረሰ ግን ደብረ ማርያም አለች። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አጠገብ ናት፣ ቅርብ ናት፣ ሴትም ትገባለች። ጉማሬ የሚታየውም በዚያ በኩል ነው፤ ለልጆቹ ደስታ ነው። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር እንደሚወጣ ግን አትርሺ። ሲመሽ ልጆቹ ከውኃው ዳር ይራቁ። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት የልጅ ልክ ያለው ላይፍ ጃኬት አስወጪና ራስሽ አልብሺያቸው። የትልቅ ሰው ጃኬት ለሁለት ዓመት ሕፃን ምንም አይጠቅመውም፤ ሾልኮ ይወጣል።

ጢስ ዓባይን ዝለሉት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥር ውኃው ይቀንሳል፤ ከወንዙም ለመብራት ማመንጫው ይወሰዳል። ልጆቹ መጽሐፍ ላይ ያዩትን ጠብቀው ሄደው ያዝናሉ። በመስከረም ወይም በጥቅምት ውሰዷቸው።

የትልቁ ልጅሽ ዋና ነገር ያሳስበኛል። ጣና ውስጥ አይዋኝ። ይህን በፍቅር ግን በማያዳግም ቃል ንገሪው። ሐይቁ ዳር፣ ሣርና ደንገል ባለበት ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ቀንድ አውጣው የሚፈለፍለው ትል በዓይን አይታይም። ውኃው ውስጥ የቆመን ልጅ በቆዳው ዘልቆ ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልገውም። ሲገባም ላያሳክክ ይችላል። ልጁ የሚታመመው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እናንተም ከጣና ጋር አታያይዙትም። ሳታዩት ገብቶ ከተገኘ አትደንግጪ። ወር ከግማሽ ያህል ቆይተሽ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ሰገራውን አስመርምሪ፤ ጣና መግባቱንም ንገሪያቸው። መድኃኒት አለው። ዋና ካማረው ግን መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጉና ለአንድ ከሰዓት ከፍላችሁ ግቡ። ብስክሌትም ይከራይ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ለኛ ለዳገት ልጆች ተአምር ነው። አባቱ ከእሱ ጋር እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ድረስ ይሂድ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ በ2016 ዓ.ም ነው የተመረቀው።

ወባም አለ። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆንን ልጆቻችን ትንኝ አልለመዱም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥር እንደ መስከረምና ጥቅምት አይበረታም፤ ሐይቅ ዳር ማደር ግን ሐይቅ ዳር ማደር ነው። ሆቴሉ አጎበር አለን ቢልሽም የራስሽን ያዢ። ሆቴል ውስጥ የማደርገውን ልንገርሽ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎበሩን ዘርግቼ በመስኮቱ ብርሃን ፊት እይዘዋለሁ። ቀዳዳው እንደ ኮከብ ፍንትው ብሎ ይታያል። በመርፌና ክር እሰፋዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ጫፉን ፍራሹ ሥር እጠቀጥቀዋለሁ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም ይሁን በወር ከልጆቹ አንዱ ካተኮሰው፣ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተዪው። ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ «ባሕር ዳር አድረን ነበር» በይው።

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደህና ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ለመነሳት አንድ ቀን ሲቀራችሁ ከመናኸሪያ ሾፌሮች የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር፤ ቀብድ ከቤተሰብ አይበልጥም። በሌሊት አትነሱ፣ በምሽትም አትግቡ። በኮንትራት ሚኒባስ ብትሄዱ ለእማማ ጉልበት ይሻላል። አዲስ ዘመንና ወረታ ላይ አስቁማችሁ ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሐይቅ ዳር ባሉት ግቢዎች ሣሩ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ዱካ ወይም ዝቅ ያለ ወንበር ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንዴ ከተቀመጠበት ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሳም። ስለዚህ መቀመጡንም ይተወዋል። ስትደውዪ መደገፊያ ያለው፣ ከፍ ያለ ወንበር እንዳላቸው ጠይቂ። ከሌላቸው ከቤትሽ አንዱን ሚኒባሱ ላይ ጫኚው።